የማድ ቤቴን ግድግዳ እየበላሁ ነው

«እንደምን አሉ እትዬ? ስሜን እንዳይጠቅሱብኝ አደራ። ዕድሜዬ 26 ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስድስተኛ ወሬ ላይ ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ በኪራይ ነው፤ አንድ ክፍል ቤትና ከጓሮ የጭቃ ማድ ቤት አለን። ከሦስት ወር በፊት ዝናብ ዘንቦ የማድ ቤቱ ግድግዳ ረጠበና ሸተተኝ። ሽታው ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ማታ ተነስቼ ትንሽ ፈርፍሬ ቀመስኩ። ከዚያ ወዲህ ማቆም አቃተኝ። አሁን በቀን አንድ የቡና ስኒ ሙሉ እበላለሁ። በረዶም ያምረኛል፣ ግን ፍሪጅ የለንም። ሰው እንዳያየኝ ከምጣዱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው የምፈረፍረው፣ አሁን ጉድጓድ ሆኗል። ባለቤቴ አይቶት አይጥ ነው አለ። ቅዳሜ የአይጥ መርዝ ገዝቶ መጥቶ እዚያው አስቀመጠ። እኔ ዝም አልኩ። ለአዋላጇም አልነገርኳት። የሰጠችኝን የደም ማነስ ክኒን ሆዴን ስላደረቀኝ፣ ጎረቤቴም ልጁን ያወፍረዋል ስላለችኝ ትቼዋለሁ። ቀይ አፈር ራሱ አይረን አለው ትለኛለች። ያማረሽን ካልበላሽ ልጁ ላይ ምልክት ይወጣበታልም ትላለች። ጾሙንም እየጾምኩ ነው። አፈሩን ብቆላው ይሻል ይሆን? ወይስ እያበድኩ ነው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ አይጥ መርዙ እናውራ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ግድግዳ አንዲት ፍርፋሪ እንዳትቀምሺ። «ከወዲያኛው ጥግ ብወስድስ?» እንዳትዪኝ። ዱቄቱ ይበናል፣ አይጥ ካለም በእግሩም በአፉም ይዞት ይዞራል፣ አንቺም የምትፈረፍሪው በጨለማ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ከጉድጓዱ አካባቢ በልተሽ ከሆነ ደግሞ ንባቡን እዚህ ጋ አቁሚና መርዙ የተጠቀለለበትን ወረቀት ወይም ላስቲክ ይዘሽ አሁኑኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ምንም አልተሰማኝም» ብለሽ አትቆዪ። ከአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፣ ምልክታቸውም የሚታየው ቀናት ቆይቶ ነው።

ባለቤትሽንም ዛሬ ማታ ንገሪው። እንዴት እንደምትነግሪው እመለስበታለሁ። ግን አየሽ አይደል? ከአፈሩ በላይ አንቺን እዚህ አደጋ ላይ የጣለሽ መደበቅሽ ነው። ባልሽ የሚወድሽና ለቤቱ የሚያስብ ሰው ነው፣ ሳያውቅ ነው ሚስቱ ከምትበላበት ቦታ መርዝ ያስቀመጠው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አላበድሽም። ይሄ ነገር የታወቀ ነው፣ በሕክምና ስም አለው፣ ፒካ ይባላል። ስሙ ከላቲን የመጣ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይለቅማል ከሚባል ወፍ ስም። ምግብ ያልሆነ ነገር እየደጋገመ የሚያምረው ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል፤ ነፍሰ ጡሮች ላይ ደግሞ በብዛት ይታያል።

በኛ አገር «ምን አማራት?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥሬ ሥጋ አማራት ሲባል ባል በሌሊት ይሮጣል። እሸት አማራት፣ ብርቱካን አማራት፣ የጎረቤት ወጥ ሸቷት ተላከላት፣ ይሄ ሁሉ በቡና ላይ እየተሳቀ የሚወራ ነው። የአፈርና የከሰል አምሮት ግን አይወራም። ስለማይወራ የሌለ ይመስላል። እኔ ጋ የሚደርሱትን ደብዳቤዎች ብታዪ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይገባሽ ነበር። ኩይሳ ፈርፍራ በቦርሳዋ የምትይዝ አለች። የተሰበረ ገል የምታላምጥ አለች። ከክፍል ስትወጣ የተረፈውን ጠመኔ ኪሷ የምትከት አስተማሪ አለች። አመድ በጣቷ እየነካች የምትልስ፣ ጥሬ ሩዝ በኪሎ የምትጨርስ፣ የበረኪና ሽታ ካልሸተተኝ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትል። ሁሉም ደብዳቤ የሚጀምረው «ስሜን እንዳይጠቅሱ» ብሎ ነው።

ሌላው ዓለምም እንዲሁ ነው። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ነጭ ሸክላ አፈር ለነፍሰ ጡር ተብሎ በገበያ ይሸጣል። ኬንያ ውስጥ «ኦዶዋ» የሚሉት ለስላሳ ድንጋይ አለ፣ ሴቶች እየገዙ ይቆረጥማሉ። አሜሪካም ጆርጂያ ውስጥ ነጭ አፈር በላስቲክ ታሽጎ ሱቅ ይገኛል። እንግሊዝ አገር ደግሞ የምግብ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጣውን ሸክላ እርሳስ ስለተገኘበት ነፍሰ ጡሮች እንዳይበሉት አስጠንቅቋል። እርሳስ ስል የምንጽፍበትን አይደለም፣ ብረቱን ነው።

የጎረቤትሽ የምልክት ነገርም ዕድሜ ጠገብ ወሬ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የጥንት ግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ አፈር ወይም ከሰል አምሯት የበላች ነፍሰ ጡር ልጇ ጭንቅላቱ ላይ ምልክት ይዞ ይወለዳል የሚል አለ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ማለት ነው። ልብ በዪ፣ እነሱ ምልክቱ የሚመጣው ስትበላ ነው ያሉት፣ የኛዎቹ ደግሞ ሳትበላ ስትቀር ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክት የቆዳ ቀለም ወይም የቀጫጭን የደም ሥር ነገር ነው፣ ከአምሮት ጋር አይገናኝም። አፈሩን ስላልበላሽ ልጅሽ ላይ ምንም አይወጣበትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለብዙ ሰው ያልነገርኩት ነው። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ከሰል እበላ ነበር። ማንደጃው ሲበርድ ጠብቄ ትንንሾቹን እለቅማለሁ፣ አፌን በነጠላ ጠርጌ እወጣለሁ። አንድ ቀን ክትትል ላይ እንደምንም ደፍሬ ተናገርኩ። ያየችኝ ባለሙያ ወረፋ የያዙት ሴቶች እየሰሙ «አንቺ ሰው ነሽ ወይስ ምን ነሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክወልድ ድረስ አፌን ዘጋሁ። ስወልድ ብዙ ደም ፈሰሰኝ፣ መነሳት ያቃተኝን ሳምንታት ዛሬም አስታውሳቸዋለሁ። ያኔ አንድ ሰው «ከሰል የምትበላ ሴት ደሟ ይታይ» ቢል ኖሮ ክኒን ጀምሬ ወሊዱን እጠብቅ ነበር። ማንም አላለም፣ እኔም አልደገምኩትም። ለዚህ ነው ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ሆዴ የተላወሰው።

ዋናው ነገር ደምሽ ነው። አፈር፣ ከሰል፣ በተለይ በረዶ የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ አይረን አንሷት ትገኛለች። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን መታየት ያለበት መጀመሪያ እሱ ነው። አንቺ ደግሞ በረዶም ያምረኛል ብለሽ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገሽ አለፍሽው፤ እኔን ግን ከግድግዳው በላይ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በረዶ መቆርጠም ከአይረን ማነስ ጋር በጣም የተያያዘ ነው። ከቨርጂኒያ የጻፈችልኝ አንዲት እህት በቀን ትልልቅ ኩባያ በረዶ ትጨርስ ነበር፣ «እዚህ ሁሉም ሰው በረዶ ይበላል» ብላ ቆይታ። ስትመረመር የተጠራቀመው አይረኗ፣ ፌሪቲን የሚሉት፣ አልቋል። ክኒን በጀመረች በሁለት ሳምንት በረዶው አስጠላኝ ብላ ጻፈችልኝ። ብዙዎች እንዲህ ይላሉ፣ አምሮቱ ደሙ ሙሉ በሙሉ ሳይስተካከል በፊት ይለቃል። አፈር ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ ልማድም ሽታም አለበትና።

የቱ ነው ቀድሞ የመጣው፣ ደም ማነሱ ወይስ አፈሩ? ሐኪሞችም በዚህ ላይ አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዶች ሰውነት የጎደለውን ሲፈልግ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ሸክላው ማቅለሽለሽና ቃር ስለሚያስታግስ ነው ይላሉ። ያንቺን ሁኔታ ግን አዙሪት በዪው፤ ደምሽ ሲያንስ አፈር ያምርሻል፣ አፈሩ ደግሞ ሆድሽ ውስጥ ከምግብሽ ያገኘሽውን አይረን ይዞብሽ ይወጣል፣ ደምሽ የባሰ ያንሳል።

«ቀይ አፈር ራሱ አይረን አለው» ላለችሽ ጎረቤትሽ መልሱ እዚሁ ላይ ነው። እውነቷን ነው፣ አለው። ቀይ ያደረገውም እሱ ነው፣ የብረት ዝገት ማለት ነው። ግን ሚስማር ዝጎ ብትልሺው ደም አይሆንሽም፣ አፈሩም እንደዚያው። ጤፍን ተመልከቺ። በበሬ አውድማ ላይ የተወቃ ጤፍ ላቦራቶሪ ሲገባ አይረኑ በጣም ከፍ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ከፊሉ ግን ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነታችንም ያንን እምብዛም አይወስደውም። ቁጥር አለ ማለት ደም ውስጥ ገባ ማለት አይደለም።

ብቆላውስ አልሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በደንብ ከተቆላ የትል እንቁላል ይሞታል። ወስፋት የሚያስይዘው እንቁላሉ ከአፈር ጋር ሲዋጥ ነው፤ የድመት ዓይነ ምድር የነካው አፈር ደግሞ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጽንስ የሚጎዳ ጥገኛ ሊይዝ ይችላል። እነዚህን እሳት ይገድላቸዋል እንበል። እርሳስ ግን በምጣድ አይጠፋም። አይረን የሚይዘው ሸክላም ያው ሸክላ ነው።

ያንቺ ደግሞ ተራ አፈር እንኳ አይደለም፣ የሰው ቤት ግድግዳ ነው። ካንቺ በፊት ስንት ተከራይ ኖሮበታል? ለትኋን ተረጭቷል፣ ለበረሮ ተረጭቷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ተልጧል፣ በላዩ ተለስኗል። የዱሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ ነበረ። ወባ ባለበት አገር የምታነቡኝ ደግሞ ይበልጥ ስሙኝ፤ የቤታችሁ የውስጥ ግድግዳ ለዓመታት ፀረ ትንኝ ሲረጭበት የኖረ ነው፣ በአንድ ወቅት ዲዲቲም ጭምር። የሚረጨው ግድግዳው ላይ እንዲቆይ ተብሎ ነው። እርሳስ ከእናት ደም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል፣ አእምሮው እየተሠራ ባለበት ጊዜ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። እስካሁን የበላሽው ልጅሽን ጎድቶታል ማለትም አይደለም፣ ያንን ማንም ከደብዳቤ ላይ ሊያውቀው አይችልም። ግን አዋላጇ ስለ ግድግዳው መስማት አለባት፣ «አፈር» ብቻ አትበያት፣ «የቆየ ቤት ግድግዳ» በያት።

አሁን ስለ ክኒኑ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ሆዴን ያደረቀኝ ክኒኑ ነው ብለሽ ክኒኑን ጣልሽው፣ በቀን አንድ ስኒ ጭቃ ግን አልጣልሽም። እህቴ፣ ጭቃ ነው እኮ! ምን ይመስልሻል ሆድሽን የሚያደርቀው? አይረንም ያደርቃል፣ አልክድም፣ ግን የሸክላው ይብሳል። ሲበዛ አንጀት እስከ መዝጋት ይደርሳል። ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ይዞሽ፣ እያስመለሰሽ፣ ለቀናት ሰገራ እምቢ ካለሽ ያ የጤና ጣቢያ ጉዳይ ነው፣ የተልባ ጉዳይ አይደለም። ደም ካየሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽም እንዲሁ፣ ሰዓት ሳትቆጥሪ ሂጂ።

ልጁን ያወፍረዋል የሚለው ወሬ ስንቷን ሴት ክኒን እንዳስጣላት! ውሸት ነው። ክኒኑ 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ነው፣ ልጅ የሚያገዝፍ ነገር የለበትም። የሚያደርገው ላንቺ ደም መሥራት ነው። የእናት ደም ማነስ ሲከፋ ልጁ ያለ ጊዜው ወይም ኪሎው አንሶ ሊወለድ ይችላል፣ እናትም በወሊድ ጊዜ የሚፈሳትን ደም መቋቋም ያቅታታል። እኔ ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ያየሁት ነው።

አወሳሰዱን ካወቅሽበት ይቻላል። ባዶ ሆድሽን የሚያቅለሸልሽሽ ከሆነ ማታ እራት በልተሽ ስትተኚ ውሰጂው። ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አብረሽ ብትጠጪ አይረኑ በደንብ ይገባል። ሻይ፣ ቡናና ወተት ግን አይሆኑም፤ ከክኒኑም ከምግብሽም ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቁ። አውቃለሁ፣ በኛ ቤት ምሳ ተበልቶ ወዲያው ቡናው ይፈላል። ቡናው ይፈላ፣ አንቺ አቦሉን ዝለይውና ቆይተሽ አንድ ትንሽ ስኒ ጠጪ። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ፣ ከክኒኑ ነው። ውሃ በደንብ ጠጪ፣ በእግርሽ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ። ክኒኑን ግን የግቢው ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪው፣ ትንሽ ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ሊገድለው ይችላል።

ቀጠሮሽን አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። በጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ነፃ ነው፣ ክኒኑም። የሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ማነስን የሚያሳየው የደም ምርመራ ይደረግልኝ በይ፣ የሰገራም ጨምሪ። ትል ከተገኘ አንቺ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ስላለፍሽ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ራስሽ ገዝተሽ ግን አትውጪ። የሄሞግሎቢን ቁጥርሽን ጠይቂ። «ደህና ነሽ» ተብለሽ ብቻ አትመለሺ፣ ቁጥሩን። ለነፍሰ ጡር በጥቅሉ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል መለኪያውም ከፍ ብሎ መነበብ አለበት። 11 ነጥብ ምናምን ተብለሽ ከሆነ «ከፍታው ታስቦ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር የለውም። ደም ማነስ ከተገኘብሽ ክኒኑን እጥፍ ሊያደርጉልሽ ይችላሉ፣ ያንን እነሱ ይወስኑ። ከወለድሽ በኋላም ወዲያው አታቁሚው።

ደም ማነስ አለብሽ ብትባዪም አትፈሪ፣ ብርቅ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ ነበረባቸው። ከአራት ሴት አንዷ ማለት ነው። ቡና የምታጠጣሽ ጎረቤትሽም ልትሆን ትችላለች።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፣ ምግብ ብቻውን አሁን አያደርስሽም፣ ክኒኑ ያስፈልግሻል። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን ብዪ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት ወይም ከቲማቲም ጋር አድርጊው። እንጀራው በደንብ የቦካ ይሁን፣ መቡካቱ አይረኑን ከያዘው ነገር ያላቅቀዋል። ቀይ ሥር ደም ይሆናል የሚሉሽ በቀለሙ ነው እንጂ በአይረን የተለየ ነገር የለውም፤ ለፎሊክ አሲድ ግን ጥሩ ነው፣ ከወደድሽው ብዪው። ጉበት አይረን ሞልቶታል፣ ቫይታሚን ኤው ግን ለጽንስ ከመጠን ያልፋል፣ አዘውትረሽ አትብዪ። ጥሬ ሥጋማ ጭራሽ አይሆንም።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው። ሲጠይቋቸው ነፍሰ ጡርን የሚያስጨንቁ አባት ብዙም አላየሁም። ግን ግማሹን ብቻ ነግረሽ አትጠይቂያቸው። ደም ማነስ ሊኖርብሽ እንደሚችል፣ አፈር እንደምትበዪም ንገሪያቸው። እሳቸው የሚነገራቸውን ምስጢር መጠበቅ ያውቁበታል።

አምሮቱ ሲመጣስ? ይመጣል። ማታ ይመጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይመጣል። «አልበላም» ብለሽ ከግድግዳው ጋር ብቻሽን አትፋጠጪ፣ አፍሽ የሚይዘው ነገር ይኑረው። ብዙ ሴቶች የረዳን ያሉኝ በሶ ነው። ደረቁን ዱቄት፣ ሳይበጠበጥ፣ በማንኪያ ጫፍ እየላሱ። ምላስ ላይ የሚሰማው ነገር አፈርን ይመስላል፣ ሽታውም የተቆላ ነው። መቆርጠሙ ከሆነ የናፈቀሽ የሽምብራ ቆሎ አለ። ሽታው ከሆነ ደግሞ አዲስ የሸክላ እንስራ ወይም ትንሽ ማሰሮ ግዢ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ የተጣራ ወይም የፈላ ውሃ አቀዝቅዘሽ አድሪበት። ያ ውሃ የዝናብ መሬት ይሸታል። እናቶቻችን እንስራ ውሃ የሚወዱት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የረጠበ መሬት ማሽተት ደግሞ ማንንም አይጎዳም፣ ደጅ ቆመሽ ዝናቡን አሽትቺው። የበረኪናና የቤንዚን ሽታ የሚያምራቸውን እህቶች ግን ይሄ አይመለከትም፣ የእነሱ ትነቱ ራሱ ይጎዳል።

አንድ ቀን ተሸንፈሽ ብትቀምሺ ክኒኑን ከመውሰድ አትቅሪ፣ ከክትትልም አትጥፊ። ብዙዎች የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ይሳሳታሉ፣ ያፍራሉ፣ ከዚያ አይሄዱም። ደምሽ ተስተካክሎ አምሮቱ እንዳለ ከቀጠለ ደግሞ ያንንም ተናገሪ፣ አንዳንዴ ጭንቀት በዚህ መንገድ ይወጣል፣ ለእሱም የሚያነጋግርሽ ባለሙያ አለ።

አዋላጇ ብትቆጣሽስ? የኔ እንዳይደርስብሽ ነው የምፈራው። ዛሬ ብዙዎቹ ነገሩን ያውቁታል፣ ስትነግሪያቸው ወዲያው ደምሽን ነው የሚያዩት። ተቆጪ ከገጠመሽ ግን እንደኔ አፍሽን አትዝጊ፣ ሌላ ባለሙያ ታየኝ በይ፣ ወይም ከአንድ ሰው ጋር ተመለሺ። ያ ሰው ባለቤትሽ ቢሆን ደስ ይለኛል።

እሱን ዛሬ ማታ እራት ሳትበሉ ንገሪው፣ ከበላችሁ በኋላ ትተኛላችሁና ነገ ትያለሽ። ረጅም መግቢያ አታብጂለት። ወደ ማድ ቤት ይዘሽው ግቢ፣ ጉድጓዱን አሳይውና «አይጥ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከሦስት ወር ወዲህ አፈር ያምረኛል፣ ማቆም አቅቶኛል፣ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል ተብያለሁ» በይው። ሊስቅ ይችላል፣ ሊደነግጥ ይችላል። መጀመሪያ የሚለውን ነገር አትያዥበት፣ ሰው ሲደነግጥ የሚናገረውን አያውቀውም። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቂው፤ መርዙን በጓንት ወይም በላስቲክ አንስቶ እንዲያወጣ፣ እጁንም እንዲታጠብ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ጉድጓዱን በሲሚንቶ እንዲደፍነው፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ካርድሽን ይዞ አብሮሽ እንዲሄድ። ሲሚንቶው ሲለጠፍ አንቺ ማድ ቤት አትግቢ፣ እርጥቡ ይሸትሻል።

አዋላጇ ፊት ስትቀርቢ ደግሞ ከሰላምታ ቀጥሎ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ ይሄ ይሁን፤ «አፈር እበላለሁ፣ በቀን አንድ ስኒ፣ ሦስት ወሬ ነው፣ የቆየ ቤት ግድግዳ ነው፣ ክኒኑንም አቁሜያለሁ።» እንዳይጠፋብሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። ድምፅሽ ከተዘጋ ወረቀቱን ስጫት።

ከዚያ የሄሞግሎቢኑን ቁጥር ጽፈሽ ላኪልኝ። እየጠበቅኩሽ ነው።